አሮጌ ብር ሁሉ ሚሊየን አያወጣም፣ ግን እባካችሁ አታቅልጡት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል። እኔ ጅማ መርካቶ ውስጥ ሰዓት እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ፣ ጋዜጣችሁ እኔ ጋ ሚደርሰው ሻይ ቤቱ ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ካነበበው በኋላ ስለሆነ ይሄ ደብዳቤ ከዘገየ ጥፋቱ የኔ ብቻ አደለም። ልጽፍ የተነሳሁት «ይህን ያውቃሉ» በምትሏት ትንሿ ሳጥን ውስጥ ስላወጣችሁት ስለ አሜሪካው የብር ዶላር ነው። አራት መስመር ነች። በ1794 እ.ኤ.አ. የተሰራ አንድ ዶላር ከ10 ሚሊየን ዶላር በላይ ተሸጠ ትለንና መጨረሻ ላይ «እስቲ እናንተም የአያቶቻችሁን ሳጥን ፈትሹ» ብላ ትዘጋለች። ውሸት አልጻፋችሁም። ግን ያቺ የመጨረሻ መስመር እኔን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሥራ አስፈትታኛለች።

ሰዓት ቤቴ ጠባብ ናት፣ አንድ ሰው ገብቶ ከተቀመጠ ሌላው ደጅ ነው ሚቆመው፣ እና ያ ነገር ከወጣ ወዲህ ደጁ ሰልፍ ሆኗል። አሮጌ ሳንቲም እንደምወድ ሰፈሩ ያውቃል፣ ዓይኔ ላይ ደግሞ የሰዓት ሰሪ ሉፕ (ማጉያ መስታወት) ስለማይጠፋ ሰው እንደ ሐኪም ነው ሚያየኝ። አንድ እናት በመሃረብ ቋጥረው አራት ጠገራ (ማርትሬዛ) አመጡ፣ አንዱ ጎረምሳ የኬንያ ሽልንግ ይዞ መጥቶ «ጋሼ ይሄስ ስንት ሚሊየን ነው?» አለኝ፣ አንድ የቡና ደላላ ደግሞ (ስሙን አልጠራም፣ ይሄን ሲያነብ ራሱ ይስቃል) በሩን ዝጋልኝ ብሎ ለምኖኝ ከካልሲው ውስጥ አንድ ትልቅ ብር መዘዘ። 1804 ይላል፣ የአሜሪካ ሳንቲም ላይ ምትሳለው ሴትዮ አለች፣ ንስሩ አለ፣ ኮከቦቹ አሉ። ከመንገደኛ ነው የገዛው፣ የከፈለውን ሲነግረኝ እኔ ራሴ ወንበሬን ያዝኩ። ሰዓት ሰሪ ነኝና ማግኔት አይጠፋኝም፣ ጠጋ ሳደርገው ሳንቲሙ ራሱ እየሮጠ መጥቶ ጥብቅ አለ። ብር እኮ ማግኔት አይወድም። ሁለታችንም ዝም አልን፣ ከዛ ቡና አዘዝኩለት፣ ሌላ ምን ይደረጋል።

ስለዚ አዘጋጅ ሆይ፣ ዋጋውን ከነገራችሁን አይቀር ምክንያቱንም ብትነግሩን ጥሩ ነበር። እናንተ ቦታ ከሌላችሁ እኔ ልሞክር።

አሜሪካኖች የገንዘብ ማተሚያ ቤታቸውን በሕግ ያቋቋሙት በ1792 ነው፣ ፊላደልፊያ ላይ። የመጀመሪያዎቹን የብር ዶላሮች ግን እስከ ጥቅምት 15 ቀን 1794 አላወጡም (ይሄ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)፣ ያን ቀን የወጡትም 1,758 ብቻ ናቸው። በቃ ያ ዓመት ይሄው ነው። ለምን ቢባል ማሽናቸው ትንሽ ነበረች፣ ለዶላር ሚሆን ጉልበት የላትም፣ ስለዚ የዛ ዓመት ዶላር ብታዩት በግራ በኩል ኮከቦቹና ፊደሎቹ ድብዝዝ ያሉ ናቸው፣ አልቆ አደለም፣ ሲወለድም እንደዛው ነው። ትልቁ ማሽን የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ዛሬ ከነዛ ውስጥ አለ ሚባለው ከ150 አይበልጥም፣ ያቺ በጥር 2013 እ.ኤ.አ. በ10,016,875 ዶላር የተሸጠችው ደግሞ ከሁሉም ንጹህዋ ስትሆን አንዳንድ አዋቂዎች ከማሽኑ መጀመሪያ የወጣችው እሷ ሳትሆን አትቀርም ብለው ያምናሉ። ሚገርማችሁ ነገር ላይዋ ላይ የሞረድ ጭረት አለ፣ መሃሏ ላይም ትንሽ የብር ውታፍ አለች። ያኔ ሚታተመው ጠፍጣፋ ብር ከብዶ ከተገኘ ሠራተኛው በሞረድ ይፍቀዋል፣ ቀሎ ከተገኘ ደግሞ መሃሉን በስተው ብር ወትፈውበት ነው ሚያትሙት። እና አንድ ሰው «ተጭሯል፣ ተጠግኗል» ብሎ ሊጥለው ሚችለውን ነገር አዋቂው «ይሄማ ፋብሪካው ውስጥ የተደረገ ነው» ብሎ ያነሳዋል። የ10 ሚሊየኑ ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው፣ ማየት ላይ።

እኔን የያዘኝ ግን ዋጋው አደለም፣ ዳይ ሚሉት ነገር ነው። ዳይ ማለት በቃ ማህተም በሉት፣ ሳንቲሙ የፊትና የጀርባ መልኩን ሚያገኝበት የብረት ቅርጽ ነው። ዛሬ ሁሉም በማሽን ስለሚቀዳ አንዱ ካንዱ አይለይም፣ ያኔ ግን ቀራጩ የሴትየዋን ምስል ብረቱ ላይ ካሳረፈ በኋላ እያንዳንዱን ኮከብ፣ እያንዳንዱን ፊደል፣ የዓመተ ምህረቱን እያንዳንዱን ቁጥር ለየብቻ በመዶሻ እየመታ ነው ሚያስገባው። በእጅ። ስለዚ አንዱ ዳይ ላይ ኮከቡ ከፀጉሯ ይርቃል፣ ሌላው ላይ ሊነካት ይደርሳል፣ አንዱ ላይ የዓመቱ ቁጥር ተበታትኗል፣ ሌላው ላይ እንደ ሐሙስ ገበያ ተጨናንቋል። ደግሞ ብረቱን ማጠንከር ላይ ብዙም ስላልተካኑ ዳዩ እየሠራ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ሳንቲሙ ላይ እንደ ፀጉር ከፍ ብሎ ይታያል፣ ቀን በቀን ደግሞ እየረዘመ ይሄዳል። ስንጥቁን አይታችሁ ይቺ ሳንቲም ከዚችኛዋ በኋላ ነው የታተመችው ማለት ትችላላችሁ። የ1807 ግማሽ ዶላር ላይ እንደውም ስንጥቁ የሴትየዋ አገጭ አካባቢ ወጥቶ ጺም አስመስሎባታል፣ ሰብሳቢዎቹም ጺማሟ ይሏታል። አንዱ የፊት ዳይ ካንድ የጀርባ ዳይ ጋር ሲሠራ ጋብቻ ነው ሚሉት፣ ቀልዴን አደለም፣ እዛ ራሱ እንደዛ ነው ሚባለው፣ የፊቱ ሲሰበር የጀርባው ሌላ ያገባል።

ይሄን ሁሉ እንዴት አወቅህ ካላችሁኝ፣ የእህቴ ልጅ ማሪላንድ ነው ያለው፣ የዛሬ ስድስት ዓመት ሲመጣ «አጎቴ ይሄን አንተ ነህ ምትወደው» ብሎ አንድ የ1827 ግማሽ ዶላር አመጣልኝ። ሚሊየን አደለም፣ እንደዛ ያለቀለት ከሆነ መቶ ዶላር ባልሞላ ይገኛል። 13 ግራም ተኩል ገደማ ነው፣ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን «ሃምሳ ሳንቲም ወይም ግማሽ ዶላር» የሚል ጽሑፍ አለ፣ እኔ ይሄን ያየሁት ከሰጠኝ ከሳምንት በኋላ ነው፣ ሰው ጠርዝ አያይማ። በዛ ዓመት ብቻ 5,493,400 ግማሽ ዶላር ታትሟል፣ እነዛን ያተሙት ጋብቻዎች ደግሞ ከ40 በላይ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። የኔዋ የትኛዋ ናት የሚለውን ለማወቅ የእህቴ ልጅ ፎቶዎቹን በቴሌግራም እየላከልኝ ሦስት ሌሊት ቁጭ አልኩ፣ ሁለተኛው ሌሊት ላይ መብራት ሄደ፣ በስልክ ባትሪ ቀጠልኩ፣ ባለቤቴ «ሴትየዋን አፍጥጠህ ስታያት አፈረች እኮ» ትለኛለች። በመጨረሻ የ2ቱ ቁጥር እግሩ ጥምዝ ነው ወይስ ቀጥ ያለ፣ አስራ ሦስተኛው ኮከብ ወዴት ነው ሚጠቁመው፣ ከንስሩ ጥፍር ሥር ያለው ፍላጻ ከፊደሉ ምን ያህል ይርቃል፣ እያልን እያልን አገኘናት። በጣም ብዙ ካለው ዓይነት ሆና ተገኘች። ተራ። ግን እመኑኝ ያን ሌሊት የተደሰትኩትን ያህል ሎተሪ ቢወጣልኝም አልደሰትም፣ ምክንያቱም ከ200 ዓመት በፊት አንድ ሠራተኛ መዶሻውን ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብሎ መምታቱን ጅማ ቁጭ ብዬ አወቅኩበት።

ብርቅ የሆኑትስ? እነሱ ደረጃ አላቸው፣ ከአንድ እስከ ስምንት። ስምንት ከተባለ በዓለም ላይ ሚታወቀው አንድ ወይ ሁለት ወይ ሦስት ፍሬ ነው፣ ሰባት ከሆነ ከ4 እስከ 12፣ ስድስት ከ13 እስከ 30 እንዲህ እያለ ይወርዳል። ንጽህናው ደግሞ ለብቻው ከ1 እስከ 70 ይለካል። የቡና ሰው ይሄን ሳይነግሩት ይገባዋል፣ «ጅማ 5» ብላችሁ ስትጽፉ ዓይነቱ ሌላ ደረጃው ሌላ አይደል፣ እሱው ነው። ከብርቆቹ መሃል እኔን እጅ በአፍ ያስጫነኝ የ1817 ግማሽ ዶላር ነው። ለ1814 ብለው ያዘጋጁት ዳይ ሳይሠሩበት ተቀምጦ ኖሮ ብረት ውድ ነውና አይጣልም ብለው 4ቱ ላይ 7 መቱበት፣ ሉፕ ስታደርጉበት ከ7ቱ ሥር 4ቱ እንደ ጥላ ይታያል። ዳዩ ወዲያው ተሰነጠቀና ዛሬ በዓለም ላይ ሚታወቁት ወደ 11 ገደማ ናቸው። ሌላው የ1817 ግማሽ ዶላር ደግሞ እንደልብ ይገኛል። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ከአንዲት ቁጥር ሥር ያለች ጥላ ነች። የ1796ቱም አለ፣ መጀመሪያ 15 ኮከብ ነበረው፣ ቴነሲ ሚባለው ግዛት ሲጨመር 16 አደረጉት፣ ከ1797ቱ ጋር ተደምሮ ሁሉም 3,918 ነው። ኮከብ መቁጠር ሥራ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ደላላው 1804 ልመለስ፣ ምክንያቱም እሱ ብቻውን አደለም፣ በኔ እጅ ብቻ ሦስት አልፈዋል፣ ሦስቱም ከአንድ ቦታ የወጡ መንትዮች ናቸው። እውነተኛው የ1804 ዶላር በ1804 አልተሠራም። በዛ ዓመት የታተሙት ዶላሮች የቀደመውን ዓመት ቁጥር የያዙ ናቸው። 1804 የሚለው የተሠራው ከ30 ዓመት በኋላ ነው፣ አሜሪካ ለእስያ ነገሥታት ስጦታ መላክ ስትፈልግ የሳንቲሞቿን ሙሉ ስብስብ አዘጋጅታ ስለነበር። አንዱ ለሲያም ንጉሥ ሄደ፣ አንዱ ደግሞ ለሙስካት ሱልጣን። ሙስካት! የኛ ቀይ ባህርና ዛንዚባር ንግድ ሁሉ ሚተነፍስበት ሰፈር ማለት ነው። እና በዓለም ላይ ያሉት ቢቆጠሩ ከሃያ አይሞሉም፣ እያንዳንዳቸው ከማን ወደማን እንደተላለፉ ተጽፎ ይታወቃል፣ ስለዚ መንገደኛ ካልሲ ውስጥ ይዞት ጅማ ሚገባበት መንገድ የለም ወንድሜ። ከ1794 እስከ 1804 ያለ ዓመት የተጻፈበት የአሜሪካ ዶላር ነው ያላችሁ ሰው ካለ ሌላው ቢቀር ሚዛን ላይ አስቀምጡት፣ 27 ግራም መሆን አለበት፣ ጠርዙን አዙሩት፣ ጽሑፍ ከሌለውና እንደ ስሙኒ ጥርስ ብቻ ካለው ቻው በሉት።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ዋናው ጉዳዬ። ሰው ይሄን ስነግረው «ይሄ የፈረንጅ ቅብጠት ነው፣ ነጥብ እየቆጠሩ መዋል» ይለኛል። ኧረ! እኛ እኮ ነን የጀመርነው።

የእናቴ አባት ቡና ነጋዴ ነበሩ፣ ሕርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ሲቆም ልጅ ሆነው ካባታቸው ጋር ይሄዱ እንደነበር ይነግሩኝ ነበር፣ ያ የአባ ጅፋር ዘመን መጨረሻው አካባቢ ነው። ቡናው፣ ማሩ፣ ዝባዱ፣ ሁሉም ሚሸጠው በማርትሬዛ ነው፣ ለትንሽ ትንሹ ደግሞ አሞሌ ጨው አለ። እና አያቴ ሽማግሌ ሆነው እንኳ ጠገራ ሲሰጧቸው ሚያደርጉትን አይቻለሁ። መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ጣል ያደርጉትና ድምፁን ይሰማሉ። ከዛ አውራ ጣታቸው ሴትየዋ ፊት ላይ ይሄዳል፣ ግንባሯ ላይ ያለውን የዕንቁ ድርድር ይዳስሳል፣ ከዛ ትከሻዋ ላይ ወዳለችው ጌጥ ይወርዳል፣ ዘጠኝ ፍሬ፣ አንድ በአንድ። ከዛ ከሥሯ ያሉትን ሁለት የፈረንጅ ፊደሎች ያያሉ። ነጥቦቹ ጠፍተው ከሆነ፣ ፊደሎቹ ከደበዘዙ፣ አይቀበሉም፣ ብሩ ንጹህ ብር ቢሆንም አይቀበሉም። «ዕንቁዋን ያልቆጠረ ሚስቱን አያውቃትም» ይሉ ነበር እየሳቁ። ማንበብ አይችሉም፣ ላቲን ምን እንደሆነ አልሰሙም፣ ግን የዳዩን ሥራ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ይሄ የሳቸው ብቻ ጸባይ አደለም፣ በዛ ዘመን በሀገራችን ያለፉ ፈረንጆች ነጋዴው ዕንቁ እየቆጠረ ብራችንን መለሰብን እያሉ ሲያማርሩ ጽፈዋል። እንግሊዞች ራሳቸው ወደ መቅደላ ሲዘምቱ የራሳቸው ገንዘብ እንደማይሠራላቸው ስላወቁ በሚሊየን ሚቆጠር ማርትሬዛ ከቪየና አስመትተው ነው የመጡት።

ማርትሬዛ ራሷ ደግሞ ጉደኛ ናት። ላይዋ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት የሞተችው በኅዳር 1780 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዛ ወዲህ በየትም ቢታተም፣ በየትኛውም ዓመት ቢታተም፣ ላዩ ላይ ሚጻፈው 1780 ነው። ለምን? ሰዉ ሌላ አይቀበልማ! ዓረቡም የኛም ነጋዴ ሌላ ዓመት ካየ ፊቱን ያዞራል። ቪየና መታችው፣ ፕራግ፣ ሚላን፣ ቬኒስ መቱት፣ በ1935 እ.ኤ.አ. ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ ከኦስትሪያ ዳዩን ወስዶ ሮም ላይ መታው፣ እንግሊዝም ይሄን አይታ ዝም አላለችም ለንደን ላይ መታችው፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ቦምቤይ። ሁሉም 28 ግራም፣ ሁሉም 1780፣ ሁሉም ያችው ወፍራም ሴትዮ። እና «አንድ ዓይነት ነው» ብሎ ያለፈ ሰው ተሸወደ፣ ምክንያቱም የዕንቁው አደራደር፣ የንስሩ ጅራት ላባ፣ ከዓመቱ ቀጥሎ ያለችው የመስቀል ምልክትና ነጥቧ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ጌጥ፣ የት እንደተመታች ይናገራል። እናቲቱ በመሃረብ ያመጡልኝ አራቱ ጠገራዎች አራቱም አንድ አልነበሩም። አንዷ ከሌሎቹ በጣም ያረጀችና የፊቷ አቀራረጽ ሌላ ነበር፣ ይቺን ለብቻ ያስቀምጧት አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔ እኮ ለወርቅ ሰሪው ልሰጣቸው ነበር» አሉኝ። በግራም።

ይሄ በግራም የሚሉት ነገር ነው የኔ በሽታ። ከኛ ከተማ ሰው ስንቱ የአያቱን ጠገራ በግራም ሸጦ ቀለበትና ሰንሰለት አደረገው። አልፈርድም፣ ሠርግ አለ፣ ችግር አለ፣ ድሮም ቢሆን ጌጡ ሚሠራው ከጠገራ ነበር፣ የሴት አያቴ የአንገት ጌጥ ስድስት ማርትሬዛ በልቷል ይባላል። ግን ቢያንስ እሳት ውስጥ ከመግባቷ በፊት አንድ ጊዜ ገልበጥ አድርጎ ማየት ምን ይጎዳል?

በተለይ የምኒልክ ብር። ፓሪስ ላይ የተመታችው፣ ፲፰፻፹፯ የሚለው የመጀመሪያው ዓመት። ላይዋ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ፣ ጀርባዋ ላይ ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ። ከማርትሬዛ ጋር ሚዛኗ እኩል ስለሆነ ወርቅ ሰሪው ሚዛን ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ሰብሳቢ ጋ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። እና አንበሳውን እዩት። አንዳንዱ ላይ የግራ እግሩን ነው ያነሳው፣ አንዳንዱ ላይ የቀኙን! እኔ ይሄን ያወቅኩት ሁለት ብር ጎን ለጎን አድርጌ ሰዓት ስጠብቅ ነው፣ ደንግጬ ሉፑ ከዓይኔ ወደቀ። መሃለቅ በሚሏት ትንሿ ሳንቲም ላይም እንደዚሁ እግር እግሩን ማየት ነው። አንድ የታሪክ አስተማሪ ወዳጄ «የግራው እግር ምን ትርጉም አለው?» ብሎ ሲጨነቅ ነበር፣ ወዳጄ ምንም ትርጉም የለውም አልኩት፣ ፓሪስ ላይ ዳዩ ስለተቀየረ ነው። እሱ ግን አሁንም አላመነኝም።

ከዚ ሁሉ ደግሞ ሚገርመኝ ምን መሰላችሁ፣ ያ የ1794ቱን ዶላር ያወጣው የፊላደልፊያ ማተሚያ ቤት እኮ የኛንም ሳንቲም አትሟል። ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ 1936 ዓ.ም. የሚለው የጃንሆይ ሳንቲም፣ ሃምሳ ሳንቲሙ ብር ነበር፣ 80 በመቶ፣ እሱን ነው ሰዉ በእንግሊዞቹ ገንዘብ ስም ሽልንግ ብሎ የጠራው። የመጀመሪያዎቹ የመጡት ከፊላደልፊያ ነው። ደግሞ እንደ ማርትሬዛ 1936 ላይ ቆሞ ቀረ፣ ከዛ በኋላ ስንት ዓመት ሲታተም ያው 1936 ነው። ስሙኒውን ደግሞ ታስታውሳላችሁ ዙሪያው እንደ አበባ የተቆረጠ ነበር? መጀመሪያ ክብ ነበር፣ መዳብ፣ መጠኑ ከሽልንግ ጋር ስለሚቀራረብ ብልጦቹ ብር እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ ሲያስተላልፉት መንግስት ጠርዙን አስቆረጠው። አንዳንዱ አቆራረጡ ሸፋፋ ነው፣ እነሱን ስታገኙ አትናቋቸው። ክቡ ስሙኒ ደግሞ ካላችሁ አሳዩኝማ።

አሁን ደግሞ ኃጢአቴን ልናዘዝ ምክንያቱም ሰው ሲሳሳት ካላየ አይማርም። አንድ የምኒልክ አላድ (ግማሽ ብር) የመጀመሪያዬ ነበር፣ ከአጎቴ ቤት ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ነው ያገኘሁት፣ ጥቁር ሰማያዊ ዝገት ለብሶ ነበር። ልጅ ነኝ፣ ላብራው ብዬ በሎሚና በአመድ ፈተግኩት፣ ፈተግኩት፣ መስታወት ሆነ። ኮርቼ ዞርኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ የእህቴ ልጅ ፎቶውን እዛ ላለ አንድ የሳንቲም ነጋዴ ሲያሳየው ሰውየው የመለሰው አንድ ቃል ነው፣ «ታጥቧል»። በቃ አለቀ፣ ዋጋው ወደ ብሩ ክብደት ወረደ። ያ ጥቁር ሰማያዊ ነገር ዝገት አልነበረም፣ ብሩ በመቶ ዓመት የለበሰው ልብሱ ነበር፣ ሰብሳቢው ሚፈልገውም እሱን ነው። አሁን ሰው «ጋሼ በምን ላጽዳው?» ሲለኝ እጁን ነው ምይዘው። በምንም። በሎሚ አይሆን፣ በኮልጌት አይሆን፣ በኮካኮላ አይሆን። በንጹህ ወረቀት ጠቅልሉት፣ ጠርዝ ጠርዙን ያዙት፣ ፊቱን በጣታችሁ አትንኩት፣ ላስቲክ ውስጥ ከትታችሁ እርጥበት ቦታ አትተዉት፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ።

ሌላው ደግሞ ከውጭ ለመጣ ሰው በሚስጥር ለመሸጥ ሚሯሯጡ አሉ፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም፣ በኋላ ኤርፖርት ላይ ተይዞ ሁለቱም ሲያለቅሱ ከማየት ቀድሞ መጠየቅ ነው። እዚሁ ጅማ ሙዚየም የአባ ጅፋር ዕቃዎች አሉ፣ ሂዱና እዩ እስቲ፣ እኔ ልጆቼን በዓመት አንዴ እወስዳቸዋለሁ፣ ትንሹ ልጄ አንድም ቀን ከበርጩማዎቹ አልፎ አያውቅም፣ በርጩማ ነው ሚወደው።

ስለዚ አዘጋጅ ሆይ ምጠይቃችሁ ቀላል ነው። ያቺን ሳጥን ድጋሚ አውጧት፣ ግን «ሳጥናችሁን ፈትሹ» ከምትሉ «ከማቅለጣችሁ በፊት እዩት» በሉ። ከቻላችሁ ደግሞ የሁለቱን አንበሶች ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አትሙልን፣ ግራ እግርና ቀኝ እግር፣ በቀለም ባይሆንም ችግር የለም፣ እግሩ እስከታየ ድረስ። የማርትሬዛዋንም ትከሻ አሳዩን፣ ዘጠኙ ፍሬ እንዲቆጠር። አንባቢ ራሱ ይቆጥራል፣ ያያቱ ጣት እኮ በደሙ ውስጥ አለ። የ1804 ፎቶ ግን አደራ እንዳታወጡ፣ ደላላው ገና አልተጽናናም።

ለአጋሮም ለሊሙም ለሰቃም አንባቢዎች ደግሞ፣ አንበሳው ግራ እግሩን ያነሳ የ፲፰፻፹፯ ብር ያለው ሰው ካለ እኔ ልግዛው አላልኩም፣ አቅሙም የለኝም። አንድ ሐሙስ ገበያ ሲመጣ ብቅ ይበልና አንዴ በሉፕ ልየው። ቡናውን እኔ ነኝ ምጋብዘው።

ከአክብሮት ጋር፣ የጅማው ሰዓት ጠጋኝ